የአቶ ሸዋንግዛው መንጋጋ

በአንድ ወቅት፣ በአንድ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ዓይንና ናጫ የሆኑ ሦስት የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ፤ አምሃ፣ ስመኝና ይትባረክ። በምን እንደተጣሉ ቢጠየቁ የሚያስታውሱት አይመስለኝም። ጠዋት አንዱ ሲገባ ግን ሌላው ፊቱን ያዞራል።

የክሊኒኩ ሕግ ጥብቅ ነበር። አስተማሪ አጠገቡ ካልቆመ በቀር ተማሪ ታካሚ አፍ ውስጥ እጁን አያስገባም። ስህተት ያየ ደግሞ፣ ስህተቱ የማንም ይሁን የማን፣ ወዲያው ተናግሮ ሥራውን ያስቆማል። ለመመረቅ እያንዳንዱ ተማሪ የተወሰኑ ጥርሶች ነቅሎ ማስቆጠር ነበረበት፤ ከዚህ ቁጥር ሦስቱም አንድ አንድ መንጋጋ ጥርስ ይጎድላቸው ነበር። ክሊኒኩ የሚዘጋበት የመጨረሻው ቀን ደረሰና የመጣው ታካሚ አንድ ብቻ ሆነ። ያ መንጋጋ ያልተቆጠረለት ዓመቱን ይደግማል።

ታካሚው አቶ ሸዋንግዛው የሚባሉ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጉንጫቸውን ይዘው፣ “ቀኙ በሙሉ ነው የሚያመኝ፤ ላይ ይሁን ታች አላውቅም። ብቻ ገላግሉኝ” አሉ።

በሩ ላይ ቀድሞ የያዛቸው አምሃ ነበር። አምሃ ሕግ አክባሪ ነው፤ እንዲያውም ማክበሩን ሰው ካላየለት የሚከፋው ዓይነት። ራጅ አነሳ፣ ራጅ ማያው የመብራት ሳጥን ላይ ሰቀለው፣ አስተማሪያቸውን ዶክተር ፈትለወርቅን ጠራ። እሳቸውም ራጁን ከሩቅ አየት አድርገው፣ “የታችኛው ነው፤ አደንዝዝ” አሉት። አጠገቡ ቆመው እያዩት ወጋ። መርፌውን ገና ሳያስቀምጥ ከጎረቤት ክፍል ጩኸት ተሰማ፤ አንዲት ሕፃን ራሷን ስታለች። ዶክተሯ፣ “እስክመለስ ማንም ምንም እንዳይነካ!” ብለው ሮጡ።

አምሃ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። አቶ ሸዋንግዛውን ላብ አጠመቃቸው።

“ልጄ፣ ታቹ ደንዝዟል። ሕመሙ ግን እንዳለ ነው።”

“ይታገሱ ጋሼ። ሕጉ አይፈቅድልኝም።”

የታችኛው ከደነዘዘ የሚያመው ሌላ እንደሆነ ማሰብን የከለከለ ሕግ አልነበረም። እሱ ግን አላሰበም፤ ጠበቀ።

ስመኝ ከወንበሩ ማዶ ቆማለች። ዓይኗ ምንም አያመልጠውም። ራጁ ተገልብጦ መሰቀሉን ያየችው ገና አምሃ እጁን ከሳጥኑ ላይ ሳያነሳ ነው። የላይኛው መንጋጋ ሦስት ሥር አለው፣ የታችኛው ሁለት፤ ራጁ ላይ ያሉት ሦስት ነበሩ። ያኔ አንድ ቃል ብትተነፍስ ሰውየው በከንቱ ባልተወጉ። እሷ ግን አምሃ ጤነኛ ጥርስ ነቅሎ ሲዋረድ ማየት አማራት። እስከ መጨረሻው ዝም ለማለት ደግሞ አንጀቷ አልቻለም። የሰውየው ዓይን እንባ ሲያቀርር ተናገረች።

“ራጁ ተገልብጧል። የታመመው የላይኛው ነው። ሥሩን ቁጠር፣ አንተ ደደብ!”

አምሃ ዞሮ ቆጠረ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። “እንግዲያው ዶክተር እስኪመጡ እንጠብቃለን” አለ።

ይትባረክ መጠበቅ አይወድም። እጁ ቀሊል ነው፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱት፣ እሱም አይረሳው። አምሃን በክርኑ ገፋ አደረገው።

“ተነስ ከዚህ!”

“ዶክተር የሉም እኮ!”

“ሰውየው አሉ አይደል?”

ጓንት አጠለቀ፣ የላይኛውን አደነዘዘ፣ እስኪይዝ ጠበቀና ጉጠቱን አነሳ። መንጋጋው ከሦስት ሥሩ ጋር ሳይሰበር ወጣ፤ የሥሩ ጫፍ መግል ቋጥሯል። አቶ ሸዋንግዛው ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ የጠየቃቸው ጥርሱን ሳህን ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው። አይወስዱም ነበር። ቢወስዱ ኖሮ ደሙ አልቆም ብሎ ይህን ተረት አሁን የምነግራችሁ በሌላ ድምፅ ነበር።

ሕፃኗ ነቅታ ዶክተር ፈትለወርቅ ሲመለሱ ሦስቱ በአንድ ጊዜ ጮኹ።

“ታካሚው የእኔ ነው፤ ሕጉንም ያልጣስኩ እኔ ብቻ ነኝ!” አለ አምሃ።

“እኔ ባልናገር እርስዎ አጠገቡ ቆመው ጤነኛ ጥርስ ይነቀል ነበር!” አለች ስመኝ።

“አንዱ ተጎለተ፣ አንዷ ለፈለፈች፤ የነቀልኩት እኔ ነኝ!” አለ ይትባረክ።

ዶክተሯ ራጁን አውርደው አገላበጡት። “አደንዝዝ” ያሉት እሳቸው ናቸውና ለመቆጣት የከፈቱትን አፍ መልሰው ዘጉት። ለማንም አልቆጥርም ቢሉ፣ የራሳቸው ስህተት በተማሪዎቹ ጫንቃ ላይ ሊያርፍ ነው። ለአንዱ ቢቆጥሩ ደግሞ የትኛውን ጥፋት ሊሸልሙ ነው? ቸገራቸውና ወደ ታካሚው ዞሩ።

“እርስዎስ ለማን ይቆጠር ይላሉ?”

የአቶ ሸዋንግዛው አፍ በጥጥ ተሞልቷል። አምሃን አዩት፣ ስመኝን አዩአት፣ ይትባረክን አዩት። ከዚያ የታችኛውን ጤነኛ መንጋጋቸውን በጣታቸው ዳበስ አድርገው፣ ኮታቸውን አንስተው ወጡ።

እኔ ሦስቱንም ስለማልወዳቸው ፍርዴ አይታመንም። እናንተ ፍረዱ። ነገ ጥርሳችሁን ሲያማችሁ አፋችሁን የምትከፍቱት ለተመረቀው ነውና፣ ያ መንጋጋ ለማን ይቆጠር?