ጨው የተረሳበት የአተር ክክ

፦ ተረት ተረት።
፦ የአተር ምርት።

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ። ጉም የሚወርድበት ወቅት ነውና በሩንም መለስ አድርጉት።

በድሮ ዘመን፣ ጉም በማይለየው ተራራ ሥር፣ ዘርፌ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባት ከአንዲት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጅቱ እናኑ ትባላለች። የወተት ጥርሷ መነቃቀል የጀመረ፣ ለጾም ገና ያልደረሰች ልጅ ነበረች። ያላቸው አንዲት ማሳ ናት፤ አተር ይዘሩባታል።

አንድ ቀን አተሩ አብቦ፣ ማሳው ነጭና ሐምራዊ ሆኖ ሳለ፣ ዘርፌ ልታርም ወረደች። እናኑ ተከትላት መጣችና አበባው መሀል ተኛች። ከዚያም ጉሙ ከተራራው ወረደ። ማሳውን ሁሉ ሸፈነው። ዘርፌ ልጇን ብትጠራ ድምፅ የለም። በእጇ እየዳሰሰች፣ ሐረጉን እየገለጠች ፈለገቻት። ጉሙ ሲገፈፍ አገኘቻት። ተኝታለች። ፈገግ ብላለች። ጠጉሯ ላይ ጤዛ አለ።

ስትነቃም ሕልሟን ነገረቻት። እግራቸው መሬት የማይነካ ሰዎች መጡ አለች። ጉም ለብሰዋል አለች። ቤታቸው ወሰዱኝና ነጭ ማዕድ አቀረቡልኝ፣ በላሁም አለች። ዘርፌ ሕልም ነው ብላ ሳቀች።

ማታ ራት ስታቀርብላት ግን እናኑ ጠግቤአለሁ አለች። በማግስቱም ጠግቤአለሁ አለች። ከዚያ ወዲያ እህል የሚባል ወደ አፏ አልገባም። ውሃ ብቻ ትጠጣለች። አልታመመች፤ አልከሳችም፤ ብቻ ቀለለች። ጭቃ ላይ ስትሄድ ዱካዋ አይታይም። ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ጀንበር ስታዘቀዝቅና ጉሙ ወደ ደጅ ሲጠጋ ግን ብድግ ትልና በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

ዘርፌ ያልሞከረችው የለም። ማር ሰጠቻት። ወተት ሰጠቻት። እሸት ጠበሰችላት። እናኑ አፏን ትገጥማለች። በግድ ያጎረሰቻት ቀን ተፋችውና፣ ያን ለት ጉሙ ደጁን አልፎ እስከ ምሰሶው ድረስ ገባ። ጠበልም ወሰደቻት። ውሃው ደስ አላት እንጂ አልራባትም።

ጎረቤታቸው እማማ ትርንጎ፣ ጥርሳቸው አልቆ ምላሳቸው ብቻ የቀረ ባልቴት ነበሩ። አንድ ቀን ዘርፌን ሊጠይቁ መጡ። ዘርፌ አተሩን አመስ አድርጋ በወፍጮ ከክታዋለች፤ አሁን በሰፌድ ገለባውን ታነፍሳለች። እናኑ አጠገቧ ተቀምጣለች።

፦ ዘርፍዬ፣ ቀስ ብለሽ አንፍሺ፤ ልጅሽንም ከገለባው ጋር እንዳትሰድጃት፣ አሏት።

ዘርፌ አልሳቀችም። እንባዋ ሰፌዱ ላይ ጠብ አለ። እማማ ትርንጎም ደንግጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። የጉም ሰዎች ማዕድ የቀመሰ የኛ ማዕድ አይጥመውም አሉ። በግድ ካሉት ደግሞ ይብስበታል። እንዲህ እንደቀለለች ከቆየች አንድ ቀን ጉሙ እንደ ላባ አንሥቶ ይወስዳታል አሉ። ምን ይሻላል ብትላቸው፣ እሱንስ እኔም አላውቅ ልጄ፣ ወደ ፈጣሪ አመልክቺ ብለው ምርኩዛቸውን አንሥተው ሄዱ።

ከዚያም የነቢያት ጾም ገባ። ዘርፌ ጾመኛ ናት። ቅዳሴ እስኪወጣ ድረስ ውሃም አትቀምስ።

ያን ቀን ክክ ልትሠራ ተነሣች። ክኩን አጥባ ጣደችው። ሲፈላ አረፋውን በጭልፋ ገፈፈችለት። በሌላ ድስት ሽንኩርቱን በኑግ ዘይት አቁላላች። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ወቅጣ ጨመረች። እርድ ነሰነሰችበትና ወርቅ መሰለ። ከዚያም ክኩን ገልብጣበት እሳቱን ቀነስ አደረገች። ድስቱ ቀስ እያለ ይንተከተክ ጀመር። ክኩ እየፈረሰ፣ እየወፈረ ሄደ። እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው።

ዘርፌ እያማሰለች ሐሳብ ወሰዳት። ልጇ ያንን እንፋሎት ለብሳ፣ እግሯ መሬት ሳይነካ ስትሄድ ታያት። ብንን ስትል እጇ የጨው ቅሉ ላይ ነው። ጨምሬአለሁ ወይስ ልጨምር ነበር? ብትል ብትል አላስታወሰችም። እንዳትቀምስ ጾሟን መግደፍ ይሆንባታል። እንዳትጨምር ሁለተኛ ከሆነ ሊመር ነው። ቅዳሴው ደግሞ ገና አልወጣም።

በዚያ አገር በጾም ወጥ የምትሠራ ሴት የምታስቀምሰው ልጅ ነው። ዘርፌም ሐሳቧ ስላልተመለሰ፣ ልጇ እህል እንደማትነካ ረስታ ተጣራች።

፦ እናኑ፣ ነይ እስቲ ጨው ቅመሺልኝ።

ካለች በኋላ ደነገጠች። እናኑ ግን ተነሣች። ብይ አልተባለችም እኮ፤ የታዘዘችው ሥራ ነው። መጣችና መዳፏን ዘረጋች። ዘርፌ ከማማሰያው ጫፍ ጠብ አደረገችላት። ልጅቱ ላሰችውና ዋጠችው።

፦ ምንም አይልም፣ አለች። እንደነሱ ነው።
፦ እንደማን?
፦ እንደ ጉሞቹ። የነሱም ማዕድ እንዲህ ነው። ምንም አይልም።

ያኔ ለዘርፌ ገባት። ጨው አልነበረበትም። ልጇም ያልተፋችው ስለዚህ ነው። ከቅሉ በሁለት ጣቷ ቆንጠር አደረገች። ጥቂት፣ ለዓይን እንኳ የማይሞላ። ነሰነሰችና አማሰለች።

፦ አሁንስ?

እናኑ ላሰች። ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

፦ ከሩቅ የሆነ ነገር ይላል።

ዘርፌ ደግማ ቆነጠረች።

፦ አሁንስ?
፦ እየቀረበ ነው።

እንዲህ እያሉ ዋሉ። እናት ትቆነጥራለች፣ ልጅ ትልሳለች። ዘርፌ ብይ አላለቻትም። ጎሽም አላለቻትም። በልቧ እመቤቴ ማርያምን እየጠራች ማማሰሏን ብቻ ቀጠለች። ቅዳሴ ወጥቶ ሰዉ በደጇ ሲያልፍ እንኳ አልሰማችም።

ጀንበር ስትጠልቅ ጉሙ መጣ። በሩን ገፋ አደረገና የደጁ ደፍ ላይ ቆመ። ውስጡ ሰዎች አሉ፤ ፊታቸው አይለይም፤ እጃቸውን ዘርግተዋል። ዘርፌ የልጇን ቀሚስ ልትይዝ ብትል አመለጣት። እናኑ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። ከዚያም ዘርፌ አንድ ድምፅ ሰማች። የልጇ እግር መሬቱን ሲረግጥ ዱብ፣ ዱብ ይላል።

እናኑ መዳፏ ላይ ክክ ይዛለች። ወደ ጉሙ ዘረጋችው።

፦ ያን ጊዜ አብልታችሁኛል፤ እስቲ የኛንም ቅመሱት፣ አለቻቸው።

ጉሙ ጎንበስ አለ። መዳፏን ነካ አደረገና ጨው እንደነካው ቀንድ አውጣ ሽምቅቅ አለ። አልተቆጣም። ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ። አጥሩን አለፈ። ዛፎቹን አንድ በአንድ ለቀቀ። ተራራውንም እየዳሰሰ ወጣ። ደጁ ጠራ።

እናኑ በሩን ዘግታ ተመለሰችና እናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያም ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች፣ ግራ እንደገባው ሰው።

፦ እማ፣ ራበኝ፣ አለች።

ዘርፌ እንጀራ ዘረጋች፤ ክኩን ጨለፈችበት። እሷ ራሷ የዚያን ቀን እህል የሚባል አልቀመሰችም፤ ግን የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለችና ወደ ልጇ ዘረጋችው። እናኑም አፏን ከፈተች።

ይኸው ነው ልጆቼ። ተረቴን ከጆሯችሁ አኑሩልኝ፤ ለአፌም አንድ ትኩስ ጉርሻ አትንፈጉኝ።