ፊደሉ የጠፋበት የሕይወት ታሪክ

አዴት ውስጥ ሰው ሥራ ሊለቅ ወይም ቤት ሊቀይር ሲያስብ የሚነገረው አንድ አባባል አለ። ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ የተወለደውም በገበያው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት ሰበብ ነው። ነገሩ የጀመረው በመስኮት ነበር።

የጽሑፍ ቤቱ ባለቤት ትርንጎ በስልክ ስታወራ፣ ቤቱን የሚያከራዩዋት ጋሽ ጥጋቡ እንደ ልማዳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ነበር። «እሺ፣ ዊንዶው ይቀየር። አሮጌውን አጥፋውና አዲሱን ጫንልኝ» ስትል ሰሙ። ስልኩን እስክትዘጋ ጠብቀው ገቡ።

«ትርንጎ፣ መስኮቱ የቤቱ ነው» አሏት።

«አቤት ጋሼ?»

«ቤቱ ደግሞ የኔ ነው። መስኮት ሊነቀል ሲታሰብ ባለቤት ይጠየቃል። ያ እንጨት ጽድ ነው፤ እንደሱ ያለ ዛሬ አይገኝም።»

ትርንጎ ነገሩ ሲገባት ኮምፒውተሩን አሳየቻቸው። «የዚህን ነው ጋሼ። ዊንዶው የሚባለው ማሽኑን የሚያሠራው ፕሮግራም ነው። የእርስዎን መስኮት ማን ይነካዋል።»

ጋሽ ጥጋቡ አላፈሩም። ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። «ታዲያ ያለው ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም። አረጀ።»

«እኔም አርጅቻለሁ።»

«አዲሱ ጋሽ ጥጋቡ ሲወጣ እነግርዎታለሁ» አለች።

ሳቁ። የሚያወሩት ግን የቀልድ ነገር አልነበረም። ትርንጎ ሐሳቡን ስታወጣና ስታወርድ ከርማለች። አሮጌው ማሽን ቀርፋፋ ቢሆንም ጸባዩን ታውቀዋለች፤ የት ላይ እንደሚያኮርፍ፣ እንዴት እንደሚባበል። በሌላ በኩል የመሥሪያ ቤት ሰዎች በፍላሽ የሚያመጡትን ጽሑፍ ስትከፍተው በባዶ ሳጥን የተሞላ ገጽ ይወጣባታል። ደንበኞቹም «ተይው፣ ማዶ ያለው ቤት ይከፍተዋል» እያሉ ፍላሻቸውን ነቅለው ይሄዳሉ። ኮምፒውተር የሚጠግነው የአክስቷ ልጅ አንዷለም ደግሞ ከባሕር ዳር ለሠርግ መጥቶ ነበር። አሁን ካልተቀየረ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም።

«የቆየሽበትን ነገር ለምን በችኮላ ታደርጊዋለሽ? ጎን ለጎን አይሆንም?» አሏት ጋሽ ጥጋቡ።

«ሁለቱን አንድ ላይ የሚችል ማሽን አይደለም፤ ቦታም የለው።»

በዚያ ማሽን ውስጥ ከማመልከቻውና ከውሉ ሌላ አንድ ለየት ያለ ጽሑፍ ነበር። ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር ልሳነወርቅ፣ ሕመማቸው የጠናባቸው ጊዜ እየመጡ የራሳቸውን የሕይወት ታሪክ ለትርንጎ አስጽፈዋል። የቀብራቸው ቀን የሚነበብ ነው። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳትቀር ካረሙ በኋላ ግን አትታተምም አሉ። «የሰው ታሪክ ሳያልቅ ወረቀት ላይ አይወጣም።» ለአንዲት ልጃቸው ለዘርፌም አላሳዩዋትም። የዘርፌ እናት የሞተችው ዘርፌ ሕፃን ሳለች ነበር። መምህሩ ስለ ሚስታቸው ሲጠየቁ ወሬ ይለውጡ ነበር። ልጃቸው ደጋግማ ስትወተውታቸው «ስለ እናትሽ የምትጠይቂኝን ሁሉ እዚያ ብየዋለሁ። ያኔ ትሰሚዋለሽ» አሏት።

ከዚያ ወዲህ በጽሑፍ ቤቱ በር ሲያልፉ ብቅ ይሉና «ትርንጎ፣ እዚያ ውስጥ ደኅና ነኝ?» ይሏታል።

«ደኅና ነዎት መምህር።»

«አትክፈቺኝ እንግዲህ፤ ገና ነኝ።»

አንዷለም ሥራውን የጀመረው ጥንቃቄ በተሞላበት መንገድ ነው። ጽሑፎቿን ሁሉ ወደ ፍላሽ አስገለበጣት፤ አንድም እንዳልቀረ አብረው አዩ። ከዚያ አሮጌውን ደምስሶ አዲሱን ጫነ። አዲስ የአማርኛ መጻፊያም አስገባላት። ስሟን ጻፈች፤ ወጣ። የአባቷን ስም ጨመረችበት፤ እሱም ወጣ። ፊደሉ ከድሮው ያምር ነበር። ጋሽ ጥጋቡም ስማቸውን አስጽፈው አዩና «ይሄ ሰው ወጣት ይመስላል» አሉ። ቀድሞ የተጻፈ ጽሑፍ ከፍቶ ማየት ግን ለማንም ትዝ አላለውም። አንዷለም ተመሰገነ፣ ወደ ባሕር ዳርም ተመለሰ።

መምህር ልሳነወርቅ ያረፉት በዚያው ሰሞን ነው። በማግስቱ ጠዋት ዘርፌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች።

«የአባዬን ስጪኝ። ከሰዓት በኋላ ነው የሚነበበው። ተማሪዎቹ ከጎንደርም ከደብረ ማርቆስም መጥተዋል» አለች።

ትርንጎ ፍላሹን ሰካች። ጽሑፉ አለ። ከፈተችው። ከላይ እስከ ታች የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍ፣ የመደመር ምልክትና የተገለበጠ ጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ወጣ። ዘግታ እንደገና ከፈተችው፤ ያው ነው። ለአንዷለም ደወለች።

«ስትጽፊበት የነበረው የድሮው የአማርኛ ፕሮግራም ነው አይደል?» አላት አንዷለም። «እሱ እኮ ውስጡ የሚያስቀምጠው የእንግሊዝኛ ምልክት ነው። የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ራሱ ነበር። ከአሮጌው ጋር አብሮ ጠፍቷል።»

«እሺ፣ መልሰህ ጫንልኛ።»

«ሲዲው አለሽ?»

ሲዲው አልነበራትም። የጫነላት ሰው ከከተማው ከሄደ ቆይቷል። ቢኖራትም አዲሱ እንደማይቀበለው አንዷለም ነገራት። ሌላ ቦታ እንዲፈልግላት ጽሑፉን በስልክ ላከችለት፤ ለዕለቱ እንደማይደርስ ግን ሁለቱም አውቀዋል።

ዘርፌ ከስክሪኑ ወደ ትርንጎ ዞረች። «ታዲያ አንቺ ጽፈሽው የለ» አለቻት። «ያስታወስሽውን ንገሪኝ። ስለ እናቴ ምን ብሎ ነበር?»

ትርንጎ አሰበች። በሙያው የቆየ ጸሐፊ ቃሉን ሰምቶ ለጣቱ ያቀብላል እንጂ ነገሩን ለራሱ አያስቀርም። «ብዙ ብለው ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ እንደነበር አስታውሳለሁ። ቃሉ ግን እጄ ላይ ነው ያለፈው ዘርፌ፤ እኔ ዘንድ አልቀረም» አለች።

ዘርፌ አልተቆጣችም። ወረቀት ጠየቀች። ጋሽ ጥጋቡ መምህሩ የተወለዱበትን ቀበሌ ነገሯት፤ ያስተማሩባቸውን ትምህርት ቤቶች ራሷ ታውቃለች። ትርንጎ በአዲሱ ፊደል አጽድታ አተመችው። አንድ ገጽ እንኳ አልሞላም።

ያ ገጽ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ተነበበ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ አስተማሩ፣ አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ ይላል። ከሩቅ የመጡት ተማሪዎች ገና የሚቀጥል መስሏቸው ቆመው ጠበቁ። ካህኑ ጸሎቱን ሲጀምሩ ነው ማለቁ የገባቸው። ማታውን በመጡበት መኪና ተመለሱ።

አንዷለም ያንን የድሮ ፕሮግራም ያገኘው ከብዙ ፍለጋ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ያለ አንድ ማተሚያ ቤት አሮጌ ማሽኑን ሳይጥለው ጓሮ ክፍል አስቀምጦት ኖሯል። ጽሑፉ እዚያ ተከፈተ፣ በወረቀት ወጣ፣ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ወደ አዴት ተላከ። ትርንጎ በአዲሱ ፊደል እንደገና ጻፈችው፤ በዚህኛው ጊዜ እያነበበች ነበር።

በአርባቸው ድንኳን ውስጥ ዘርፌ ራሷ ቆማ አነበበችው። ስለ እናቷ ወደሚለው ስትደርስ ድምፅዋ አልተለወጠም። «ባለቤቴ በተቀበረች ማግስት ክፍል ገብቼ አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ልቤ ድንጋይ መሰላቸው፤ አልፈርድባቸውም። ቤት ብውል ልጄ ፊቴን ታይ ነበር። ያንን ፊት እንዳታይ ብዬ ነው። ዛሬ ይህን የምትሰሙ ተማሪዎቼ፣ ያኔ በቁጣ ያስተማርኳችሁን ይቅር በሉኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት የሰፈሩ ሰዎችና ዘመዶች ናቸው። ከተማሪዎቹ አንድም አልነበረም።

ጠበሉ ከተቀመሰ በኋላ ትርንጎ ከጋሽ ጥጋቡ አጠገብ መጥታ ተቀመጠች። «ባልቀይረው ይሻል ነበር ጋሼ» አለች።

«አይ፣ መቀየሩስ ደግ ነበር» አሏት። «ደንበኞችሽ ተመልሰዋል፤ አሁን ያነበበችውም በአዲሱ የጻፍሽውን ነው።»

«ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?»

ጋሽ ጥጋቡ ብርጭቋቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «እኔ ቤት ስሠራ ነው የኖርኩት» አሉ፤ ቀጥለውም ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰምቶት ወደየቤቱ ይዞት የሄደውን ቃል ተናገሩ፦ «አዲሱ ጎጆ ሳይከደን፣ አሮጌው አይበተን።»