የጋሽ ውብነህ አካውንት

በአንድ ወቅት፣ የመድኃኒት መጋዘኖች መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ከተሻገረ ወዲህ፣ በአንዲት የደጋ ከተማ ትርሲት የምትባል ሴት ነበረች። በአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት መድኃኒት መጋዘን ውስጥ የሠራተኞችን አካውንት የምትይዝ እሷ ናት። አዲስ ሰው ሲቀጠር ትከፍትለታለች፤ የለቀቀ ሲኖር ትዘጋለች። እሷ ከመምጣቷ በፊት ግን ሲከፈት እንጂ ሲዘጋ የታየ አልነበረም።

አንድ ሰኞ ጠዋት በኮምፒውተሩ ያሉትን ተጠቃሚዎች ከሠራተኞች መዝገብ ጋር ብታስተያይ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት አካውንት ባለቤት አልባ ሆኖ ተገኘ። ጡረታ የወጣ አለ፣ አግብቶ አገር የቀየረ አለ፣ የሞተም አለ። ሰውየው ከመዝገብ ሲፋቅ አካውንቱ ብቻውን ቀርቷል።

ኃላፊው አቶ ደምመላሽ ዝርዝሩን አይተው፣ «እስከ ዓርብ አንድም እንዳይቀር» አሏት።

ሁሉንም ባንዴ መዝጋት የአንድ ጣት ሥራ ነበር። ትርሲት ግን እጇ አልታዘዝ አላትና አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ከቀትር በኋላ አንዱ ስም ላይ ስትደርስ ክው አለች። ጋሽ ውብነህ! መጋዘኑን ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቀው ጡረታ ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ዛሬ ከከተማው ዳር ንብ ያነባሉ። አካውንታቸው ግን በየሐሙሱ ጠዋት ይከፈታል፣ አንድ ትእዛዝ ያስተላልፋል፣ መልሶ ይዘጋል። ትእዛዙም ሁልጊዜ ያው ነው፤ ለሸንበቆ ሜዳ ጤና ጣቢያ ኢንሱሊን።

ሸንበቆ ሜዳ ከወንዝ ማዶ ያለች የቆላ ቀበሌ ናት። ስኳር በሽታ ይዟቸው በዚያ መርፌ ውለው የሚያድሩ አሥራ አንድ ነፍሶች አሉባት፤ አራቱ ልጆች ናቸው።

ትርሲት ተጨነቀች። ብትዘጋው ልጅ ቢሞትስ? ብትናገር፣ ይህን የሚያደርገው ሰው ከእንጀራው ቢፈናቀልስ? እስክታጣራ ዝም ማለትን መረጠች። ሰኞ ዝም አለች፤ ማክሰኞም ዝም አለች።

አካውንቱን በየሐሙሱ የሚከፍቱት የትእዛዝ ክፍል ሠራተኛዋ ወይዘሮ አልጋነሽ ነበሩ፤ ትርሲት ግን ይህን ገና አላወቀችም። ጋሽ ውብነህ ሲወጡ ሸንበቆ ሜዳ በራሷ ስም አልተመዘገበችም፤ ትእዛዟ በእሳቸው አካውንት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነበር። ወይዘሮ አልጋነሽ «ጣቢያው ይመዝገብልኝ» ብለው ሦስት ጊዜ ጻፉ፤ አንድ እንኳ መልስ የሰጣቸው የለም። ጋሽ ውብነህ ደግሞ የይለፍ ቃላቸውን ነግረዋቸው ነበር፤ የበኩር ልጃቸው ስም ነው። እናም ወይዘሮ አልጋነሽ፣ ደንቡን እያወቁ፣ ቢደረስባቸው እንደሚባረሩም እያወቁ፣ በሰው ስም ሲገቡ ሦስት ዓመት ኖሩ። አንድ ሐሙስ አላስታጎሉም። ወባ ያንቀጠቀጣቸው ሳምንት እንኳ ነጠላቸውን ተከናንበው መጥተው፣ ልከው፣ ወደ አልጋቸው ተመልሰዋል።

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ግን በዚያው በር ሌላ ሰው ገባ። የኮምፒውተሮቹ ደኅንነት ኃላፊ ነስሩ ሲያየው፣ አንድ የማይታወቅ ሰው ከውጭ ሆኖ በጋሽ ውብነህ አካውንት፣ በሌለ ክሊኒክ ስም፣ ሁለት ካርቶን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ አዟል። የጋሽ ውብነህን የበኩር ልጅ ስም በከተማው የማያውቅ የለምና መገመቱ አላስቸገረውም። መድኃኒቱ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች የተቀመጠ ነው። ነስሩ ማንንም አልጠየቀም። ሁለት መቶ አሥራ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ ከረቸማቸው። ካርቶኖቹ ከመኪና ላይ ወረዱ፤ ሊረከብ የመጣውም ሰው ከግቢው በር ላይ ተያዘ።

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ አልጋነሽ የይለፍ ቃሉን ቢያስገቡ፣ ቢያስገቡ፣ አልከፍት አላቸው። እኩለ ቀን ሲቃረብ ትርሲት ጠረጴዛ ዘንድ መጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ልጄ፣ ከሥራ ታስወጪኝ እንደሆነ አስወጪኝ፤ በፊት ግን ይሄን የሸንበቆ ሜዳን ኢንሱሊን ላኪልኝ።»

«እርስዎ ነዎት እንዴ፣ እትዬ አልጋነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ትርሲት ወደ ጤና ጣቢያው ደወለች። ነርሷ፣ «የቀረን ለዛሬ ማታ የሚሆን ብቻ ነው» አለቻት። የሐሙሱ መኪና ሄዷል። ነስሩ ከአጠገባቸው ቆሞ ሰምቶ ኖሮ፣ «የዘጋሁት እኔ ነኝ» አለ። አቶ ደምመላሽ መድኃኒቱ እንዲወጣ በወረቀት ፈረሙ። ነስሩ የወንድሙን ሞተር ሳይክል ተዋሰ፣ የበረዶ ሳጥኑን ከኋላው አሰረና ወጣ።

ወንዙ ዘንድ ሲደርስ ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል። ነስሩ ዋና አይችልም። ሞተሩን እዚያው ትቶ፣ ሳጥኑን አናቱ ላይ ተሸክሞ፣ ደረት በሚደርስ ውኃ ውስጥ እግሩን እየፈተነ ተሻገረ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረሰ። ጣቢያው ደጃፍ ላይ ከእናቷ ጋር የተቀመጠች ብርቄ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከላይ እስከ ታች አየችው። መድኃኒቷ ሁልጊዜ የሚመጣው የአንድ ሰው ስም ተጽፎበት ነው።

«ጋሽ ውብነህ ማለት አንተ ነህ?» አለችው።

ነስሩ ምን ይበል? «የሳቸው መልእክተኛ ነኝ» አላት።

ትርሲት በዚያች ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሰኞ ዕለት ተናግራ ቢሆን፣ ነስሩ የልጆቹን መድኃኒት ባላቋረጠ። ሰኞ ዕለት ዘግታው ቢሆን፣ ሌባው ባልገባ። ሲነጋ አቶ ደምመላሽ ወይዘሮ አልጋነሽን ሊያሰናብቱ ደብዳቤ ሲያስጽፉ ደረሰች።

«እሳቸው ከወጡ እኔም እወጣለሁ። ሰኞ ዕለት አውቄ ዝም ብያለሁ» አለች።

አቶ ደምመላሽ ብዙ አንገራገሩ፤ በመጨረሻ ነገሩ በማስጠንቀቂያ አለፈ። ከዚያ በኋላ ትርሲት ለሁለት መቶ አሥራ አራቱም ባለቤት ፈለገች። በሕይወት ያሉትን ደውላ ጠየቀች፤ ስለ ሞቱት የሥራ ባልደረቦቻቸውን ጠየቀች። እንደ ሸንበቆ ሜዳ በሄደ ሰው ስም ላይ የተንጠለጠሉ ሌሎች ሦስት ጣቢያዎች አገኘች። አራቱንም በየራሳቸው ስም መዘገበች፤ ለእያንዳንዱም ሦስት ሦስት ተጠሪ አቆመችላቸው፤ አንዱ ቢታመም፣ አንዱ ቢሄድ፣ አንዱ እንዲቀር። የቀሩትን ጨርሳ ሰረዘች። ሥራው ሁለት ወር ፈጀ።

ሥራው ባለቀ ሰሞን አንድ አይሱዙ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። የሸንበቆ ሜዳው ሽማግሌ አቶ ጫኔ ወረዱ፤ ከኋላቸው አንዲት ቀይ ጊደር ወረደች፤ ወርዳም ሳትውል ሳታድር የግቢውን አበባ መጋጥ ጀመረች።

«ይቺን ያመጣነው ልጆቻችንን ላኖረልን ሰው ነው» አሉ አቶ ጫኔ። «አትታረድም፣ አትሸጥም፣ አትከፋፈልም። ወልዳ ታጠጣው ብለን መርቀናታል። ለማን ላስይዝ?»

ወይዘሮ አልጋነሽ መሸፋፈን አያውቁም።

«ለኔ ብትሰጡኝ እወዳለሁ። ሦስት ዓመት እነዚያን ልጆች በልቤ አዝያለሁ።»

«እትዬ፣ ሌባው የገባው እርስዎ በተዉት በር አይደለም?» አለ ነስሩ፣ በፈገግታ።

«አንተስ በልጆቹ ላይ የዘጋኸው!»

«ዘግቻለሁ። መልሼም በአናቴ ተሸክሜ ወስጃለሁ።»

ግቢው በሳቅ ሞላ። ትርሲት የጊደሯን አንገት ብቻ ትዳብስ ነበር። ሆኖም እውነቱን ለመናገር እሷም ወዳታለች። እነሱ ያለፈውንና ያን አንድ ቀን አዳኑ፤ መጪውን ሐሙስ ሁሉ ያዳነው ማን ሆነና ትላለች በልቧ። ወዲያው ደግሞ እነዚያ ሁለት የዝምታ ቀኖች ትዝ ሲሏት አንገቷን ትደፋለች።

ጋሽ ውብነህ ይፍረዱ ተባለና ተጠሩ። ከንቦቻቸው መጥተው፣ ሁሉን ከሥር ከመሠረቱ ሰምተው፣ ሦስቱን አንድ በአንድ እየሳሙ፣ «እኔ እንዲህ ያለውን ፍርድ አልችለውም፤ ሦስቱም ልጆቼ ናቸው» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አቶ ጫኔም መንገዳቸው ሩቅ ቢሆንም የጊደሯን ገመድ ይዘው በመሐል ቆመው ቀሩ።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ የሰሚዎቹ ነው። አንዷ ደንብ ጥሳ ሦስት ዓመት አኖረች፤ በከፈተችውም በር ሌባ ገባ። አንዱ ሳይጠይቅ ዘግቶ የብዙ ሕሙማንን መድኃኒት አተረፈ፤ ዋና ሳይችል ወንዝ ገባ። አንዷ አውቃ ዝም አለች፤ ኋላ ግን ዳግመኛ እንዳይበጠስ አድርጋ አሰረችው። እናንተ በአቶ ጫኔ ቦታ ብትሆኑ፣ ገመዱን ለማን ታስጨብጡት ነበር?