የጋሽ እንግዳሸት ኮድና የአቶ ልሳነወርቅ ማኅተም

ኮምፒውተር እንደ ሙሽራ በዳንቴል ተሸፍኖ በሚቀመጥበት ዘመን ነው አሉ። በአንድ የወረዳ መሬት ቢሮ ጋሽ እንግዳሸት የሚባሉ ኮድ ጸሐፊ ነበሩ፤ ምላሳቸው ምላጭ። ኃላፊው ደግሞ አቶ ልሳነወርቅ ነበር፤ ከገዛ ማኅተሙ በቀር የሚያከብረው ነገር የሌለው፣ ባዶ ጉራ!

ክልሉ የአራት ሺህ ባለይዞታዎችን ዝርዝር በኤክስኤምኤል፣ ኮምፒውተር በሚያነበው የሰነድ አጻጻፍ፣ ላኩ አለ። ለእያንዳንዱ ገበሬ አንድ ሰነድ፤ ስሙ፣ ቀበሌው፣ የመሬቱ ስፋት በየምልክቱ መሃል ገብቶ፣ የተከፈተው ምልክት ሁሉ ተዘግቶ። የክልሉ ኮምፒውተር ሰነዱን ካልተቀበለ የይዞታ ደብተር የለም። አቶ ልሳነወርቅ አሥራ ስድስት ጸሐፊዎች ሰብስቦ በእጅ አስጀመረ። በወር ሁለት መቶ ጻፉ፤ ግማሹ ምልክቱ ሳይዘጋ ቀርቶ ተመለሰ። ጋሽ እንግዳሸት ዝርዝሩን ተራ በተራ እያነበበ ሰነዱን ራሱ የሚጽፍ አርባ መስመር ኮድ ሠሩና ከምሳ በፊት ጨረሱ። ኃላፊው ማመስገን ሲገባው ተቆጣ። «ይሄ ነው ሥራ? ላብህን እንኳ አላየሁም!»

«ላቡን ከፈለጉ አሥራ ስድስቱ ዘንድ አለልዎ፣ ጌታው፤ ሰነዱን ከፈለጉ እኔ ዘንድ ነው።»

በነጋታው ሌላ ጣጣ አመጣ። ማኅተም ያላረፈበት ሰነድ ከቢሮዬ አይወጣም አለ። ይሄ እኮ ወረቀት አይደለም፣ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር የሚልከው ነው ቢሉት፣ ወይ ፍንክች! ክብ ማኅተሙን ቀለም ነክሮ ተገተረ። ጋሽ እንግዳሸት ሰልችቷቸው አንዱን ሰነድ ከፈቱና «እስክሪኑ ላይ ይምቱት» አሉት። መታው! እውነቴን ነው፣ መታው። ሐምራዊው ቀለም በመስታወቱ ላይ ወረደ። እሳቸውም በጨርቅ ወልወል አድርገው ቀጣዩን ሰነድ ከፈቱለት።

«ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቀረዎት፣ ጌታው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ማኅተም አላነሳም።

የባሰው ግን ኋላ መጣ። የክልሉ ኮምፒውተር አሥራ አንድ ሰነዶች መለሰ፤ «አባወራ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው ብሎ። አሥራ አንዱም ባል የሞተባቸው ሴቶች ነበሩ። አንዷ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ቢሮው ድረስ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ደብተሩ ካልወጣልኝ የባሌ ወንድም በሬውን ጠምዶ ሊገባብኝ ነው። ልጆቼን ይዤ የት ልግባ?» ብላ አለቀሰች። አቶ ልሳነወርቅ እየሰማ ፊቱን እንኳ አላዞረም። «ነገ የክልል ልዑካን ይመጣሉ። ሰርዛቸው! አንድም ባዶ ቦታ እንዳላይ!» አለ። አይ ጭካኔ!

ጋሽ እንግዳሸት ሴትዮዋን አየት አድርገው ወደ ኃላፊው ዞሩ። «እሺ፣ ባዶ ቦታ አይኖርም» አሉና ኮዱ ላይ አንዲት መስመር ጨመሩ።

በማግሥቱ አዳራሹ ሞላ። የልዑካኑ መሪ ወይዘሮ ንጋቷ ሰነዶቹን ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። «ጥሩአየሁ አደላ፤ አባወራ፣ አቶ ልሳነወርቅ ቸኮል።» ሌላዋን ከፈቱ። «ውድነሽ ካሳሁን፤ አባወራ፣ አቶ ልሳነወርቅ ቸኮል።» አሥራ አንደኛዋ ላይ ሲደርሱ አዳራሹ ሳቅ በሳቅ ሆኗል። ያኔ ጋሽ እንግዳሸት ተነሡና የሴቶቹን ነገር፣ የኃላፊውንም ትእዛዝ አንድ ባንድ ተናገሩ። ወይዘሮ ንጋቷ ሳቃቸው ጠፋ። «ቦታው ባዶ ይሁን፤ ደንቡን እኛው እናስተካክላለን። አሥራ አንዱም ዛሬውኑ መዝገብ ይግቡ» ብለው አዘዙ። በር ላይ ቆማ የነበረችው ወይዘሮ ጥሩአየሁ እልልታዋን አቀለጠችው።

አቶ ልሳነወርቅ ደም ሥሩ ተገታትሮ ጋሽ እንግዳሸት ላይ ጮኸ። «ስሜን አጠፋኸው! እኔ የእነዚህን ሴቶች ስማቸውን እንኳ አላውቅም!»

«ስማቸውን ሳያውቁ ነው እኮ ሰርዛቸው ያሉኝ፣ ጌታው።»