በጋሽ ሽብሩ ስም የተማለው መሐላ

በልብ ሕክምና ክፍላችን ሰው ሲጣደፍ ካየን የምንላት አባባል አለች። ከሰማይ የወረደች አይደለችም፤ ከጋሽ ሽብሩ የተገኘች ናት።

ጋሽ ሽብሩ ለወንድማቸው ልጅ ለቢተው ሚስት ሊጠይቁ እሑድ ሽምግልና ቀጥረዋል። ታዲያ የልባቸው ደም ሥር ጠቦ፣ ደረታቸው መላወሻ ነስቷቸው ዓርብ ጠዋት ከዶክተር ይትባረክ እጅ ገቡ። ዶክተሩ በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ ያስገባል፤ የጠበበውን ደም ሥር በፊኛ ይከፍታል፤ ተመልሶ እንዳይዘጋ ስቴንት የምትባል የሽቦ ወንፊት ያኖርበታል። እጁ ፈጣን ነው፤ እሱም ያውቀዋል።

"ዛሬ ትጨርሳለህ?" አሉት እንደተኙ።

"እንዴታ!"

"ማልልኝ።"

"ጋሽ ሽብሩ ይሙት!"

"ኧረ በስመ አብ!" አለች ነርሷ ሲስተር ፋንታነሽ። "በሚያክሙት ሰው ሞት ይማላል?"

ሁሉም ሳቁ። ፊኛዋ ስትነፋ ግን ሳቁ ቆመ። ደም ሥሩ ውስጥ ካልሲየም እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ኖሮ ፊኛዋ ወገቧ ላይ ታንቃ ቀረች። ዶክተሩ ጨምሮ ነፋ፤ ወይ ፍንክች! ካልሲየሙን የሚፍቀው መሰርሰሪያ ደግሞ ከሌላ ሆስፒታል የሚመጣው ሰኞ ነው።

"ስቴንቷን አቀብዪኝ" አለ፤ ላብ አጥምቆታል።

ፋንታነሽ አልሰጠችውም። "ዶክተር፣ እንደታነቀች ከቀረች እኮ መልሰን አናወጣትም። ደም ይረጋባታል፤ ያን ጊዜ መሐላዎ ይደርሳል።"

ዶክተሩ ክው አለ። ቱቦውን ማውጣት ጀመረ።

"ምነው? ምለህልኛል እኮ!" ጮኹ ጋሽ ሽብሩ።

"ከሚሞቱብኝ ውሸታም ልባል፣ አባቴ" አለና የታነቀችውን ፊኛ በስክሪኑ ላይ አሳያቸው።

አፍጥጠው አዩዋት። "በል፣ ከመሐላህ ፈትቼሃለሁ" አሉት በመጨረሻ።

ሰኞ መሰርሰሪያው መጣ። ካልሲየሙ ተፋቀ፣ ፊኛዋ ያለ ችግር ተነፋች፣ ስቴንቷም ልክክ ብላ ተቀመጠች። ዶክተሩ "ተመስገን!" ብሎ የፋንታነሽን ግንባር ሳመ።

ከሰዓት በኋላ ቢተው ሊጠይቃቸው መጥቶ አኮረፈ። "ጋሼ፣ ያኔውኑ ዓርብ ቢያስገቡልዎት ኖሮ እኮ እሑድ አያመልጠንም ነበር።"

ጋሽ ሽብሩ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ሳቁበት። "አይ አንተ! ልጅቷን የዛሬ ሳምንት እጠይቅልሃለሁ፤ ያውም የቤታቸውን ዳገት በእግሬ ወጥቼ። ይልቅ ይችን ያዝ፦ ሳይጠርጉ ያነጠፉት ሲተኙ ይቆረቁራል።"