እማማ ዘርትሁንና ባለጽናጽሉ ንጉሥ

«ተረት ተረት!»

አልሰማሁም። ይሄ እራት የበላ ልጅ ድምፅ ነው? እንደገና! «ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

እንዲያ ነው!

በድሮ ጊዜ፣ በቆላ አገር፣ እማማ ዘርትሁን የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ሞቷል። ልጅም አልወለዱም። ግን ዳልቾ የሚባል ውሻ፣ ውሪት የምትባል ድመት፣ ቆቄ የምትባል ዶሮ ነበሯቸው። «ልጆቼ» ነበር የሚሏቸው።

ከመንደሩ በላይ ካለው ገደል የእባቦች ንጉሥ ይኖር ነበር። ጅራቱ ላይ ጽናጽል አለው። ሿ! ሿ! ሿ! ሲያደርገው የሰማ እንስሳ ሁሉ እግሩ ይተሳሰርና ቆሞ ይዋጣል።

የመንደሩ ሰው ግን አይነካውም። «አድባራችን ነው» ይላል። ደጁ ሲመጣ ወተት ያቀርብለታል። አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት አይደል የሚባለው? ንጉሡ ወተቱን ጠጣና ጫጩት ጠየቀ። ጫጩቱን በላና ግልገል ጠየቀ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ እማማ ዘርትሁን ደጅ መጣ። ሿ! ሿ! ሿ!

«አንቺ አሮጊት! ዛሬ ወተት፣ በሦስተኛው ቀን ውሻሽን!» አለ።

እማማ ወተቱን ሰጡትና ወደ ጭቃ ሹሙ ሮጡ። ጭቃ ሹም ማለት የመንደሩ ሹም ነው። «ይስጡት እመት፤ አድባር አይቆጣብን» አሏቸው ጭቃ ሹሙ።

ቤት ሲመለሱ ዳልቾ ጉልበታቸው ላይ ተኛ። «እማማ፣ አይዘኑ። እኔ ልሂድለት» አለ። እማማ አለቀሱ።

ያን ጊዜ ከአጥሩ ሥር ጃርት ብቅ አለች። በአንድ የድርቅ ዓመት እማማ ውሃ ያጠጧት ጃርት ናት። ከጀርባዋ አንዲት እሾህ ነቀለችና «እንኩ፣ እማማ። በዚህች የነኩት ነገር ሁሉ እውነቱን ይናገራል» ብላ ሄደች።

እማማ ግቢውን የወረረውን ሳር ነኩት። «ንጉሡ በእኔ ተሸሽጎ ይመጣል» አለ ሳሩ። ማጭድ አንስተው ሙልጭ አድርገው አጨዱት።

በር ላይ የተከመረውን እንጨት ነኩት። «በእኔ ሥር ያደፍጣል» አለ እንጨቱ። አንድ በአንድ ተሸክመው ከቤት አራቁት። ወገባቸው እንዴት ታመመ መሰላችሁ!

የግድግዳውን ቀዳዳ ነኩት። «በእኔ አይጥ ይገባል፤ አይጥን ተከትሎ ደግሞ ንጉሡ» አለ ቀዳዳው። የፈሰሰውን እህል ጠረጉ፤ ቀዳዳውን በጭቃ መረጉ።

በሦስተኛው ቀን ልጆቻቸውን ቤት አስገብተው በሩን ዘጉ። ከየጎረቤቱ ወተት ለምነው፣ አንገቷ ጠባብ በሆነች ትልቅ እንስራ ውስጥ ጨመሩና ግቢው መሐል አቆሟት።

እኩለ ቀን ላይ ንጉሡ መጣ። ሳር ፈለገ፤ የለም። እንጨት ፈለገ፤ የለም። ቀዳዳ ፈለገ፤ የለም። ፀሐይዋ ጀርባውን ጠበሰችው። ወተት ወተት የምትሸት፣ ውስጧ ጨልሞ የቀዘቀዘ እንስራ አየ። ሰተት ብሎ ገባ። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጠጣ። ሆዱ ተነፋ። ልውጣ ቢል የእንስራዋ አንገት አላሳልፍ አለው። እማማም ከላይ መክደኛውን ደፉበት፤ በጭቃም መረጉት።

«እማማ! እማማዬ! ያውጡኝ!» አለ።

«አሁን እማማ ሆንኩ? ያን ቀን አሮጊት አልነበርኩም?»

«ዳግመኛ ወደዚህ አገር አልመጣም!»

«በምን ትምላለህ?»

«በጽናጽሌ!»

«እሱን ተወው። በሆድህ ማል» አሉት። በሆዱ ማለ።

ጎረምሶች እንስራዋን ተሸክመው ከትልቁ ወንዝ ማዶ፣ ከበረሃው አደረሷት። ከሩቅ በድንጋይ ሰበሯት። ንጉሡ ዞር ብሎ እንኳ አላየም፤ ወጣ፣ ሄደ፣ ቀረ።

በማግሥቱ መንደሩ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንበር የነበራቸው ጭቃ ሹሙ ብቻ ናቸው። ብድግ አሉ። «እመት፣ እኛ ስንሰግድለት እርስዎ አሸነፉት። ይቀመጡ» አሉ።

እማማ ዘርትሁን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡ። ዳልቾ እግራቸው ሥር ተጋደመ። ኮሩ። ይኩሩ እንጂ! ለልጆቿ የቆመች እናት ካልኮራች ማን ይኩራ?

እናንተም፣ ውሻችሁንና ድመታችሁን ከወደዳችሁ ደጃችሁን አጽዱ። ጠላት የሚገባው በተውንለት ቀዳዳ ነው። እባብ ስታዩ ግን ጀግና ነኝ አትበሉ፤ ራቁና ትልቅ ሰው ጥሩ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦ ካጣችሁ ቆሎ ዝገኑልኝ!