ከወንበሩ ሥር የተደበቀው

አንድ ፈሪ ሾፌር ነበረ። ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም የሻረግ፤ ሰምቼሻለሁ። «ጋሼ፣ አጥሚቱን እጠጣለሁ፣ ሌሊቱን ተኝቼ አድራለሁ፣ ወተቴ ግን ከቀን ቀን እየደረቀ ነው፤ ምንድን ነው የሚበላኝ?» አልሽኝ። የጡቱን ነገር ጤና ጣቢያ ሄደሽ ጠይቂ፤ እኔ ዕድሜዬን ሁሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሌሊት ሌሊት የሚበላ ነገር እንዴት እንደሚገኝ ግን አውቃለሁ። ልጁን ደህና አድርገሽ ታቀፊውና ስሚኝ።

ሾፌሩ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። የሚኖረው ሆስፒታል ሁለት ሰዓት ከሚርቅበት ከተማ ነው። የመጀመሪያ ልጁ፣ ፒክአፗን ሳይገዛ በፊት፣ መኪና እስኪገኝ ሲባል ምጡ ረዝሞ፣ ሞቶ ነው የተወለደው። አሁን ሚስቱ እንደገና ወሯ ገብቷል። የሆስፒታሉ ነርስም «ምጡ እንደጀመራት ይዘሃት ና፤ በዚህኛው አንድ ደቂቃ እንዳታባክን» ብላዋለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውየው ምግብም አልበላ አለው።

ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር መኪናዋ ጭጭ። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ተገፍታ ተነሳች። በማግስቱም ጭጭ። ባትሪ ለወጠ፤ አዲሱ ከሁለት ጠዋት አላለፈም። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ አስፈተሸ፤ ምንም አልሆነም አሉት። መጨረሻ ላይ የእኛ አገር ሾፌር ሁሉ የሚያደርገውን አደረገ፤ ማታ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ያቆማታል፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ ይወሽቃል፣ ጠዋት ድንጋዩን አንስቶ እያንደረደረ ያስነሳታል። አንድ ቀን ታዲያ ቁልቁለቱን ወርዳ ወርዳ ሳትነሳ ሜዳው ላይ ቆመች። ሰፈሩ ሳቀ። እሱ ግን መሪው ላይ ተደፋ። ምጡ ያን ጠዋት መጥቶ ቢሆንስ?

አስጎትቷት እኔ ጋ መጣ። ላብ አጥምቆታል።

«ጋሼ፣ ሚስቴን ያትርፉልኝ!»

«እኔ አዋላጅ አይደለሁም፤ ባትሪህን ልይልህ» አልኩት። አልሳቀም።

ቁልፉን ነቀልኩ፣ በሮቹን ዘጋሁ፣ መብራቱን ሁሉ አጠፋሁ። ከዚያ የባትሪውን አንዱን ገመድ ፈትቼ፣ በገመዱና በባትሪው መሀል ትንሽ አምፖል አስገባሁ። መኪናዋ በእርግጥ ተኝታ ከሆነ አምፖሉ አይበራም። በራ። «አየህ፣ ሁሉም ተኝቷል ብለሃል፤ የሆነ ነገር ግን ነቅቶ እየበላ ነው» አልኩትና ፊውዞቹን አንድ በአንድ መንቀል ጀመርኩ። የሚበላው ሲነቀል አምፖሉ መጥፋቱ አይቀርም። የሬዲዮውን ነቀልኩ፤ ይበራል። የጡሩምባውን፣ የዝናብ መጥረጊያውን፤ ይበራል። የመጨረሻውን ፊውዝ ሳወጣ እንኳ ቁልጭ ብሎ ይበራል። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ፊውዝ ሁሉ ወጥቶ የሚበራ አምፖል አይቼ አላውቅም ነበር።

ቀና ብዬ አየሁት። «አንተ፣ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

«ኧረ ምንም የለም ጋሼ!»

«እንግዲያው ሚስትህን በቃሬዛ ውሰዳት» አልኩት። ክፉ ቃል ነው፤ ንዴቴን ታውቂዋለሽ።

ፊቱ አመድ መሰለ። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ከሾፌሩ ወንበር ሥር ምንጣፉን ገለጠ። አንድ ሳጥን አለ፤ የሌባ ማስጠንቀቂያ። ለካ ሰፈሩ ውስጥ መኪና ተሰርቆ ኖሯል፤ «ያቺ ቀን ስትመጣ መኪናዬ ባትኖርስ?» ብሎ፣ ከተፈታታ መኪና የወጣ ማስጠንቀቂያ ፈልጎ፣ በገዛ እጁ ፊውዝ ሳይኖረው በቀጥታ ከባትሪው ጋር ቀጥሎታል። መካኒክ ለሌባ ያወራል ብሎ ስለፈራ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሳጥኑን ነካሁት፤ ትኩሳት እንደያዘው ሕፃን ግንባር ይፋጃል። ውስጡ ተበላሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪውን ሲጠጣ ያድራል።

ሽቦውን ቆረጥኩት። አምፖሉ ድርግም አለ።

«ቢሰርቋትስ ጋሼ?» ብሎ ክንዴን ያዘኝ።

«ሌባው ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። አንተ ግን ሌሊት ሌሊት ስትሰርቃት ከርመሃል» አልኩት። አለቀሰ። ሲመሽ ለሰፈሩ ዘበኛ ጭንቀቱን ነገረውና፣ ዘበኛው መኪናዋ አጠገብ ሊያድርለት ተስማማ። በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ሚስቱ ጮኸች። ሰውየው ቁልፉን አዞረ፤ መኪናዋ በአንዴ ተነሳች። እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ የሞተሯን ድምፅ እያዳመጠ ነዳ። ፍርሃቱ የትም አልሄደም፤ ባትሪውን መብላቱን ብቻ ነው ያቆመው። ሚስቱ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

እንግዲህ የሻረግ፣ ያ ሾፌር አንቺ ነሽ። አትደንግጪ። ቤቴን ከቤትሽ የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ሌሊት አልጋሽ ሲንቋቋ እሰማለሁ። «ይተነፍሳል፣ ተመስገን፣ ይተነፍሳል» ስትዪ እሰማለሁ፤ ጥቂት ቆይተሽ ደግሞ ትነሻለሽ። የመጀመሪያው ልጅሽ በእንቅልፉ እንዳለፈ አልረሳሁም፤ ቀብሩ ላይ ቆሜያለሁ። ማን ይፈርድብሻል? ግን ለኔም፣ ለባልሽም፣ ለአማትሽም «ተኝቼ አድራለሁ» ትያለሽ። እኛ ደግሞ አጥሚት እንጨምርልሻለን፤ ያ ሾፌር ባትሪ እንደለወጠው ማለት ነው። ይህን ልጅ ልጠብቅ ብለሽ ስትነቂ ማደርሽ፣ የዚህኑ ልጅ ምግብ እየጠጣው ነው።

አትፍሪ አልልሽም፤ ይህማ በትእዛዝ አይሆንም። ሽቦውን ካንቺ ላይ ንቀዪው ነው የምልሽ። አማትሽ ጓዳ ናት፤ የደበቅሽውን ንገሪያት። ዛሬ እሷ ትንቃለት፣ ነገ ባልሽ። ልጁን የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል፤ የሚያጠባው ግን ካንቺ ሌላ የለውም።

በይ ተነሽ፣ አሁኑኑ ሂጂ። ልጁን ለእኔ ስጪኝ። እስክትመለሺ ትንፋሹን እኔ አዳምጥልሻለሁ።